ዓርብ ሥጋ የሚበላ ትል

ስለ ጣሊያን ዘመን ወሬ ሲነሣ ዕድሜ ጠገቡ ሁሉ ጠመንጃና ጫካ ያነሣል። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያው ነበር፤ ተኩሶ የሳተውን ሳይቀር ይተርክ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ዘመን የራሴ የምለው ውጊያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የተዋጋሁት ባቄላ ማሳ ውስጥ ነው። ያውም መጀመሪያ ላይ ሳላውቅ ለጠላት ወግኜ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛው መስከረም ነበር። እኔ ከአማኑኤል ወዲያ ተወልጄ፣ አምበር አጠገብ ተድሬ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ባሌ ክረምቱ ሳይወጣ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባና ቤቱ ለሁለት ሴቶች ቀረ፤ ለአማቴና ለእኔ። አማቴ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ከሰው ይልቅ ከበሬ ጋር የሚግባቡ ሴት ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ደግነታቸውን ግን እንደ ዘር እህል ቆጥበው ነው የሚያወጡት። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ሙሽራ" ነበርኩ። እኔም ብሆን አንገቷን የምትደፋ ሙሽራ አልነበርኩም፤ ያኔም አፌ አያርፍም፣ ዛሬም አያርፍም።

ስዳር እናቴ አንዲት ትንሽ ስልቻ ባቄላ አሸክማኝ ነበር። ፍሬው ደቃቅ፣ ቆዳው ቀላ ያለ፣ እንጨት ሳያስፈጅ የሚበስል ባቄላ ነው። እናቴ ከእናቷ፣ እሷም ከእናቷ የያዘችው ዘር ነው፤ በአማቴ አገር አይታወቅም። "ሲከፋሽ ቀቅለሽ ብይው፤ ዘሩን ግን እንዳትጨርሺ" ነበር ያለችኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሳልበላ አበዛሁት። በሁለተኛው ዓመት አማቴ ከጅረቱ በላይ ያለችውን ማሳ "በይ ይች ላንቺ ትሁን" ብለው ሰጡኝና ያለኝን ሁሉ አንድ ፍሬ ሳላስቀር ዘራሁት። የልጅነት ሞኝነት ነው፤ ገበሬ ዘሩን ሙልጭ አድርጎ ለመሬት አይሰጥም። በዚያ ላይ ጣሊያን በአማኑኤል መንገድ ምሽግ ሠርቶ ወዲያና ወዲህ የሚለውን ሰው ይፈትሽ ስለነበር፣ ከእናቴ ጋር ከተላላክን ዓመት ሊሞላን ነው። ባቄላው ከጠፋ የምተካበት መንገድ አልነበረኝም። እውነቱን ልናገርና፣ እናቴ ስትናፍቀኝ እዚያ ማሳ ውስጥ ገብቼ ነበር የምቆመው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ወጣ። ባቄላው ማበብ ሲጀምር፣ በመስቀል ሰሞን፣ ክሽክሽ ወረደበት። ለማያውቃት ሰው ክሽክሽ የቅማል ታናሽ እህት ናት፤ ጥቁር ሆና ለጋው ጫፍ ላይ ተጠቅጥቃ ትቀመጥና ጭማቂውን ትመጠዋለች። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይጣበቃል። ጣቴን ብልሰው ጣፈጠኝ፤ ለካ ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ የሚውለው ለዚያ ነው። አማቴ የምድጃ አመድ በተኑበት። ቄሱ ጸበል ረጩበት። ክሽክሽ ሁለቱንም ችላ በዛች።

መስቀል ሰኞ ዋለ፤ ማክሰኞ ጠዋት አማቴ ማሳውን ዞረው አዩና ፈረዱ።

"ሰኞ በሬ ይገባል" አሉኝ። "ይኸ ባቄላ እንደሁ አልቆለታል። ይገልበጥና ጓያ ይዘራበት፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ።"

ተናደድኩ፤ ግን ልክ ነበሩ። ጥቁር አፈር ከመስከረም በኋላ ማንንም አይጠብቅም፤ ለሁለት ሴቶችና ከጫካ ብቅ ለሚል ሰው የሚሆን እህል ከየትም አይመጣም። በሬያችን ደግሞ አንድ ብቻ ስለነበር ከጎረቤታችን ሽማግሌ በሬ ጋር እየተቀናጀ በተራ ነበር የሚያርሰው፤ ሰኞ ካለፈ ተራችን መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

"እስከ ሰኞ ካጸዳሁትስ?" አልኳቸው።

"በምንሽ?"

"በእጄ።"

"በይ እንግዲህ" አሉና ሄዱ።

ስድስት ቀን ያለኝ ይመስላል። የጎጃም መስከረም ግን እንዲያ አይቆጠርም። ረቡዕ ገብርኤል ነው። ዓርብ ማርያም፣ ያውም ብዙኃን ማርያም። ቅዳሜ ሰንበት። እሑድ ሰንበትም ነው፣ ጊዮርጊስም ነው። እጄን ማሳ ላይ ማሳረፍ የምችለው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነበር።

ክሽክሽን አንድ በአንድ መልቀም የማይታሰብ ነገር ነው። ታዲያ ማክሰኞ ዕለት ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ክሽክሽ በበዛበት ጫፍ ሁሉ አንድ ሌላ ትል አገኘሁ። ጥቁር፣ ጀርባው እሾህ እሾህ ያለ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፣ መልኩ የሚያስጠላ ትል። ክሽክሽ በሌለበት ግንድ ላይ እሱም የለም። አሰብኩ አሰብኩና ደረስኩበት፤ ይህ የክሽክሽ እናት ነው። እናቲቱ ከሞተች ልጆቹ ከየት ይመጣሉ? በዚህ ብልሃቴ የተኩራራሁትን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ከጅረቱ በኩል ጀምሬ ወደ ላይ እያልኩ ትሉን ቅል ሙሉ ለቀምኩና የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ሐሙስም ሌላ ቅል ደገምኩ። አማቴ አዩና "የክሽክሽ እናት ይች ናት? እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። እዚያ ቤት ከገባሁ የመጀመሪያው ምርቃቴ ነበር። ደስታዬን ማን ይችለዋል።

የማሳው ግማሽ ላይ ስደርስ መሸ። በማግስቱ ማርያም ሆነች።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማሳው ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። በዓል ማረስን ይከለክላል፣ ማረምን ይከለክላል፣ መፍጨትና መፍተልን ይከለክላል፤ ማየትን የሚከለክል ግን አልሰማሁም። የተቀመጥኩት ገና ያልለቀምኩት ግማሽ ዘንድ ነበር። እጄ ያሳክከኝ ጀመር፤ ትሉ ፊት ለፊቴ ነው፣ መንካት አልችልም። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ዝም ብዬ አየሁት።

ትሉ ቀስ እያለ ወደ ክሽክሾቹ ሄደ። እናት ልጆቿን ልትዳብስ ነው ብዬ ነበር። አንዷን በአፉ ያዘና ወደ ላይ አነሣት። እግሮቿ በአየር ላይ ተንፈራገጡ። መጠጣት፣ መጠጣትና ባዶ ቆዳዋን ጣለው። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረ። እንደዚያ ሲያደርግ ስምንት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት፤ እሱ ግን አልተወም። ወደ ሌላው ግንድ ብሄድ ያው ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ሁለት ቅል ሙሉ ወገን በፈላ ውሃ ፈጅቻለሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ተመርቄበታለሁ።

ቅዳሜ በማለዳ ተመልሼ ሄድኩ። ከትሎቹ አንዳንዶቹ ቅጠል ላይ ተጣብቀው ድርቅ ብለዋል። ሞቱ ብዬ አዘንኩ። አንደኛው ግን ዓይኔ እያየ ጀርባው ተሰነጠቀና ከውስጡ ጥንዚዛ ወጣ፤ ያ ልጆች ጣታቸው ላይ እያስኬዱ የሚጫወቱበት ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ጥንዚዛ። መጀመሪያ ገርጥቶ ነበር፤ ጸሐይ ሲነካው ቀላ። ያን አስቀያሚ ትል የዚያ ቆንጆ ጥንዚዛ ልጅ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? እዚያው ብቻዬን ሳቅሁ።

መናገር ግን ነበረብኝ። ከቀትር በኋላ ዲማ ተምረው በደብራችን ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ከመንገድ ገብተው ጠላ ይጠጡ ነበር። አማቴ ቅኔ ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታ ስለነበር፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ብዬ አንድ የባቄላ ጫፍ ከነክሽክሹ ከነትሉ ይዤ ገባሁ።

"ቅዳሜ ቅጠል ቆረጥሽ?" አሉኝ አማቴ፣ ሌላውን ሳያዩ።

"እመይቴ፣ ተሳስቻለሁ። የለቀምኩት የክሽክሽን እናት አይደለም። በላተኛዋን ነው። ትናንት ሲበላት ዋለ፣ ቁጭ ብዬ አየሁት።"

"ትናንት?"

"አዎ።"

"ትናንት ማርያም አይደል?"

"ነው።"

"ዓርብም ነው።"

"ነው፣ እመይቴ።"

አማቴ ወደ የኔታ ዞሩ። "ይስሙልኝ እንግዲህ። በማርያም ቀን ሲሠራ እሚውል፣ በዓርብ ሥጋ እሚበላ ነገር ነው ባቄላዬን ያድናል እምትለኝ። ደግ ነገር ከዚህ ይወጣል?"

የኔታ ጠላቸውን አስቀመጡ። ጉዳዩ የሕግ ጉዳይ ስለሆነ እንደ ሕግ አዋቂ አሰቡበት። "በበዓል ስለ መሥራቱ" አሉ፣ "መብላት ሥራ ከሆነ እኛም በዓል በመጣ ቁጥር ስንሠራ እንውላለን። ስለ ዓርቡም፣ ጾም የታዘዘው ለአዳም ልጅ ነው። ትል አልተጠመቀ።" ከዚያ ቅጠሉን ከእጄ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ብዙ ቆዩ። ትሉ አንዷን ያዘ። የኔታ ፈገግ አሉ።

"ክሽክሽን ጠላት በላት" አሉ።

ላውን አጥብቀው ሲሉት ጠልቷት በላት ነው፤ ሲያላሉት ደግሞ ጠላት መጥቶ በላት ነው። በዚያ ዓመት ጠላት ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነበር የምናውቀው፤ ለጠላትም ጠላት ሊመጣበት እንደሚችል በዚያች አጭር ቃል ሲነገረን አማቴ ሳቁ። ልጃቸው ጫካ ከገባ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የኔታን እስከ ደጅ ሸኝተው እዚያም ቆመው ብዙ አወሩ፤ ቅኔውን ሲያስደግሟቸው ነው ብዬ ተውኳቸው።

ሲመለሱ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

"አሁን ሄደው ይዩት" አልኳቸው።

"ሰኞ አየዋለሁ። ዓይኔ ካየ እጄ አያርፍ፣ ሰንበት ልታሽሪኝ ነው?"

እሑድ ማታ የመጨረሻ ዘዴዬን ሞከርኩ። "ነገ እኮ ተክለ ሃይማኖት ነው፣ እመይቴ። በሬ ባይወጣስ?"

"ከመቼ ወዲህ ነው ተክለ ሃይማኖትን ያከበርሽ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ሰፈር ለእሳቸው ሞፈር አይሰቀልም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ሁለቱን በሬዎች ጠምደው መጡና ከጅረቱ ዳር ቆሙ። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ማሳው ውስጥ ገቡ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው። የታችኛው ግማሽ፣ እኔ በጥንቃቄ ለቅሜ ያጸዳሁት፣ ከሥር እስከ ጫፍ ጠቁሯል። ጣታቸውን አሳረፉበትና በቀሚሳቸው ጠረጉት። ወደ ላይኛው ስንሻገር ጫፉ ለምልሞ ቀና ብሏል። ቅጠሉ ላይ የክሽክሽ ባዶ ቆዳ እንደ ገለባ ተበትኗል። ጥንዚዛው እዚህም እዚያም ይሄዳል። አበባው አልረገፈም።

"ታችኛው የለቀምሽው ነው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ላይኛውስ?"

"ሳልደርስበት ማርያም ደረሰች።"

"እሷ ባትደርስ ኖሮ ሁሉን ለቅመሽ ትጨርሺው ነበር።"

"አዎ።"

ወደ በሬዎቹ አዩ፣ ወደ ባቄላው አዩ። "እኔም መርቄሻለሁ" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል። ቀጥለው ወደ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "የተጠመደ በሬ ባዶውን አይመለስም። ከጅረቱ ዳር ያለችውን ጠርዝ ብቻ እረሱልኝ፣ ጓያ ትሁን። ሌላው ይቆይ።"

ሽማግሌው ጠርዟን አረሱ። እኛ ሰፌድ ይዘን ከላይኛው ማሳ ትልና ጥንዚዛ ያለበትን ቅጠል እየቀነጠስን ወደ ታችኛው እየወሰድን በየግንዱ ማኖር ጀመርን። ሽማግሌው ሞፈራቸው ላይ ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና "አሁን ደሞ ትል አርቢ ሁናችሁ ቀራችሁ?" አሉ። አማቴ ቀና ሳይሉ "ወተትስ እሚሰጥ ነገር ጣሊያን መች ተወልን" ብለው መለሱ። ለአራት ቀን ያህል፣ በዓል ካልያዘን በስተቀር፣ ያንኑ ሠራን። ከአማቴ ጋር ጎን ለጎን ጎንበስ ብዬ መዋልን ወደድኩት። ብዙም አናወራም፤ ግን አንዳንዴ "ይኸው፣ ይኸኛው በላተኛ ነው" ብለው ያሳዩኛል፤ እኔ ያላየሁት ይመስል።

ከዚያ በኋላ የየኔታን ቅኔ አማቴ አምበር ገበያ ወሰዱት። "ባቄላሽን ምን አደረግሽው?" ላላቸው ሁሉ "ክሽክሽን ጠላት በላት" ይላሉ፤ ሰሚው ይስቃል። አንድ ቀን አንድ ባንዳ ሰምቶ ቀረበና "ማነው ጠላት?" አላቸው። "ጥንዚዛ ነዋ ጌታው" አሉት። "ለእኛ ሌላ ጠላት ምን አለን?" ይህን ሲነግሩኝ በጣም ተደስተው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ባቄላውን ወቃን። ከሌላው ማሳችን ምርት ያነሰ ነው፤ ለእኔ ግን አውድማው ሞልቶ ፈስሷል። ባሌ በጥር ለሁለት ቀን መጥቶ ከቆሎው ዘግኖ "ይኸ ምን ዓይነት ባቄላ ነው?" ሲለኝ፣ ሚስትህ የጠበቀችው ነው አልኩት። አማቴ ዘሩን ራሳቸው መረጡ፤ ነቀዝ የነካውን፣ የተጨማደደውን እየጣሉ አንድ በአንድ። ከዚያ ለሦስት ከፈሉት፤ ለመብል፣ ለዘር፣ አንዱን ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠሩት።

"ይችስ?" አልኳቸው።

"የእናትሽ ናት። ከእሷ ቤት የመጣ አይደል?"

ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ከእሳቸው አልጠበቅሁም። ቋጠሮውን ወደ አማኑኤል ለምትሄድ መነኩሲት ሰጡ፤ መነኩሲትን ምሽግ ላይ አጥብቀው አይፈትሹም ነበር። እኔ የእናቴን ሰላምታ ብቻ ነበር የምጠብቀው።

መነኩሲቷ በግንቦት ተመለሱ። ጠላ ቀዳሁላቸው፤ ሳይጠጡ ነገሩኝ። እናቴ ደኅና ናት። ቤቷ ግን ባለፈው ክረምት መጨረሻ ጣሊያን መንደሩን ሲያቃጥል ነዷል፤ ጎተራው ከነእህሉ፣ ዘሩም አብሮ። ከእህቷ ዘንድ ተጠግታ የዚያን ባቄላ ዘር ፍለጋ ያልዞረችበት ቤት የለም፤ የዙሪያው መንደር ሁሉ እንደዚያው ስለነደደ ከማንም አላገኘችም። ቋጠሮውን ስትፈታ አንዷን ፍሬ አልቀመሰችም፤ ለሰኔ ብላ መልሳ ቋጠረችው።

አለቀስኩ። ቀና ስል አማቴ ሰፌዳቸውን ይዘው ምስር ይለቅማሉ። አልደነገጡም።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ያን ቅዳሜ የኔታ ደጅ ላይ ነገሩኝ። ከመንገደኛ ሰምተው ነው። ባልሽ ጫካ፣ እናትሽ ሜዳ፤ ደኅና መሆኗን ሳላውቅ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"ታዲያ ሰኞ ዕለት ባቄላውን ሳያስገለብጡ የተዉት..."

"ትሉን አምኜ መሰለሽ?" አሉ፣ ዓይናቸውን ከምስሩ ሳያነሡ። "ዓርብ ሥጋ እሚበላ ትል አላምንም። ያ ዘር ከእኛ ማሳ በቀር የትም እንዳልቀረ ስላወቅሁ ነው።"

መነኩሲቷ ጠላቸውን አንሥተው አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። "ለእርስዎም መልእክት አለኝ" አሉ ወደ አማቴ። "'ልጄንና ዘሬን ሰጥቻት ነበር፤ ዘሬን መልሳልኛለች፤ ልጄን ግን እሷው ትያዛት' ብላለች።"

አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፌዱን አስቀመጡ። በስሜ ጠሩኝና ለእማሆይ ጠላ እንድደግምላቸው አዘዙኝ። ከዚያ ወደ መነኩሲቷ ዞረው "ይዣታለሁ በሏት" አሉ።